እኩል ወንበር ብቻውን አይወስንም፦ የጀርመን የደመወዝ ወለል ኮሚሽን ከ2023 እስከ 2025

ጉዳዩ ባጭሩ

ጁን 26 ቀን 2023 የጀርመን የደመወዝ ወለል ኮሚሽን ውሳኔውን አሳወቀ። በሰዓት 12 ዩሮ የነበረው ዝቅተኛ ክፍያ በ2024 ወደ 12.41፣ በ2025 ደግሞ ወደ 12.82 ከፍ እንዲል ተወሰነ። በየዓመቱ የ41 ሳንቲም ጭማሪ ማለት ነው። ጠረጴዛው ዙሪያ አሠሪዎችና ሠራተኞች እኩል ወንበር ነበራቸው። ውሳኔው ግን የሠራተኞቹ ተወካዮች እየተቃወሙ አለፈ። ኮሚሽኑ ሥራ ከጀመረ ወዲህ አንዱ ወገን በድምፅ ተሸንፎ ሲወጣ የመጀመሪያው ነበር።

ጁን 27 ቀን 2025 ያው ኮሚሽን የ2023ቱን ስብሰባ በመራችው ሰብሳቢ እየተመራ እንደገና ተቀመጠ። ከ2026 ጀምሮ 13.90፣ ከ2027 ጀምሮ 14.60 ዩሮ እንዲሆን ወሰነ። በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ተስማሙ።

የተወካዮቹ ብዛት አልተለወጠም። ሕጉም አልተለወጠም። ታዲያ በመሐል ምን ሆነ? ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ይህንን ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ለመጻፍ ያነሳሳኝ የአገር ቤቱ ነገር ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይደነግጋል። ቦርዱ መንግሥትን፣ አሠሪዎችንና ሠራተኞችን የሚወክሉ ሰዎችና ሌሎች የሚመለከታቸው አካላት ይኖሩታል። ዝርዝሩ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ተትቷል። ከአዋጁ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ያለ ደመወዝ ወለል ቆየ። ወሬው ሲነሳ ሁሉም ሰው የሚጠይቀው “ስንት ብር ይሁን?” ብሎ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ግን ቁጥሩን ማን፣ በምን አካሄድ እንደሚወስነው ካልታወቀ የትኛውም ቁጥር ብዙ አይቆይም። የጀርመኑ ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል።

የኋላ ታሪክ

ጀርመን ሀብታም አገር ብትሆንም እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ ለሁሉም ሠራተኛ የሚሆን የደመወዝ ወለል አልነበራትም። ደመወዝ የሚወሰነው በየዘርፉ በሚደረግ የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበራትና አሠሪዎች ተደራድረው በሚፈራረሙት ውል ነበር። ብዙ የሠራተኛ ማኅበራት ራሳቸው በሕግ የሚወሰን ወለል አይፈልጉም ነበር። መንግሥት አንዴ እጁን ካስገባ የድርድር አቅማችንን ይወስድብናል ብለው ፈርተዋል።

ነገሩ የተለወጠው የኅብረት ስምምነት የሚሸፍነው ሠራተኛ እየቀነሰ ሲመጣ ነው። ወደ ግማሽ የሚጠጋው ሠራተኛ ከስምምነቶቹ ውጪ ቀረ። በምሥራቅ ጀርመን በሰዓት ከ5 ዩሮ በታች የሚከፈላቸው ፀጉር ሠሪዎች ነበሩ። የሆቴል፣ የምግብ ቤትና የመጋዘን ሠራተኛው ከዚህ ብዙ አይሻልም ነበር። በመጨረሻ ፓርላማው በ2014 ሕጉን አወጣ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2015 ጀምሮ በሰዓት 8.50 ዩሮ ሆነ። ያኔ 4 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ክፍያቸው ከፍ አለላቸው። መቶ ሺዎች ከሥራ ይባረራሉ ብለው ያስጠነቀቁ ኢኮኖሚስቶች ብዙ ነበሩ። ያ አልሆነም። በአነስተኛ ሰዓት የሚሠሩ ሥራዎች በተወሰነ መጠን ቀነሱ፤ አጠቃላይ ሥራ ግን ጨመረ።

የመጀመሪያውን ቁጥር ያስቀመጠው ፓርላማው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለኮሚሽኑ ተሰጠ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ደመወዝ የምርጫ ቅስቀሳ ማሟሟቂያ እንዳይሆን ተብሎ ነው።

ኮሚሽኑ እንዴት ተሠራ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቁም ነገሩ ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ነው።

ድምፅ የሚሰጡት ሰባት ሰዎች ናቸው። ሦስቱን የሠራተኛ ማኅበራት የበላይ ድርጅቶች፣ ሦስቱን የአሠሪዎች የበላይ ድርጅቶች ያቀርባሉ። ሰባተኛው ሰብሳቢ ነው። ከእነሱ ሌላ ሁለት ምሁራን አሉ፤ ይመክራሉ እንጂ ድምፅ አይሰጡም። መንግሥት የቀረቡለትን ሰዎች ለአምስት ዓመት ይሾማል። የራሱ ወኪል ግን እዚያ ጠረጴዛ ላይ የለም። አባላቱ ከላካቸው ድርጅት ትእዛዝ እንዳይቀበሉ ሕጉ ይከለክላል። ሥራውም ደመወዝ የለውም።

ሰብሳቢውን ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ነው የሚያቀርቡት። ካልተስማሙስ? ሕጉ ለዚህም መልስ አለው። እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሰው ያቀርባል፤ ሁለቱ በየውሳኔው ተራ በተራ ይሰበስባሉ። ማን ቀድሞ እንደሚጀምር ዕጣ ይጣላል። በዕጣ ለሌላው ወገን ሰብሳቢነትን ከማስረከብ ሁለቱም የሚያምኑትን ሰው መፈለግ ይሻላል። ስለዚህ ይስማማሉ። በእኔ እምነት ከሕጉ አንቀጾች ሁሉ ብልሁ ይህ ነው።

የድምፅ አሰጣጡም በደረጃ ነው። መጀመሪያ ሰብሳቢው ድምፀ ተዓቅቦ ያደርጋል። ስድስቱ በራሳቸው ይሞክራሉ። አብላጫ ድምፅ ካልተገኘ ሰብሳቢው የማስታረቂያ ሐሳብ ያቀርባል። እንደገና ይመከርበታል። አሁንም ሦስት ለሦስት ከሆነ ብቻ ሰብሳቢው ድምፅ ይሰጣል። ማለትም ሰብሳቢው መጀመሪያ ሽማግሌ፣ መጨረሻ ዳኛ ነው።

ውሳኔው በየሁለት ዓመቱ እስከ ጁን 30 መድረስ አለበት። ኮሚሽኑ ሦስት ነገር እንዲመዝን ይጠበቅበታል፦ ለሠራተኛው ተገቢ ጥበቃ፣ በድርጅቶች መካከል ፍትሐዊ ውድድር፣ ሥራ እንዳይጠፋ መጠንቀቅ። በኅብረት ስምምነቶች የታየውን የደመወዝ ዕድገትም ከኋላ እየተከተለ ያያል። ምክንያቱን በጽሑፍ ያወጣል። ስብሰባው ግን ዝግ ነው። መንግሥት የቀረበለትን ቁጥር መቀበል ወይም አለመቀበል ይችላል፤ መለወጥ ግን አይችልም።

ይህ አሠራር ለዓመታት ያለ ብዙ ጫጫታ ሄደ። ወለሉ በ2017 ወደ 8.84፣ በ2019 ወደ 9.19፣ በ2020 ወደ 9.35 ከፍ አለ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። አሠሪዎች ሆቴልና ምግብ ቤቱ ተዘግቶ ጭማሪ አይታሰብም አሉ። ሠራተኞች ደግሞ የሱቅና የጽዳት ሠራተኛው በዚያ ሁሉ አደጋ ውስጥ እየሠራ ነው አሉ። መፍትሔው ጭማሪውን በአራት ደረጃ መክፈል ሆነ፦ 9.50፣ 9.60፣ 9.82 እና 10.45። መጀመሪያ ላይ ትንሽ፣ ኢኮኖሚው ሲያገግም ትልቅ። ይህም በሙሉ ስምምነት ነበር። አሠሪው ጊዜ አገኘ፣ ሠራተኛው መጨረሻ ላይ የተሻለ ቁጥር አገኘ።

ችግሩ ከየት መጣ

በ2021ዱ ምርጫ 12 ዩሮ የአንድ ትልቅ ፓርቲ ዋና ቃል ኪዳን ሆነ። ፓርቲው አሸነፈ። በ2022 ፓርላማው ኮሚሽኑን አልፎ በሕግ 12 ዩሮን ደነገገ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ወለሉ ከ10.45 በአንድ ጊዜ ወደ 12 ዘለለ። ወደ 15 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው።

አሠሪዎች ተቆጡ። ኮሚሽኑን ያቋቋምነው ፖለቲከኛ እንዳይገባበት ነበር፣ አሁን ስምምነቱ ፈረሰ አሉ። ሠራተኞች በበኩላቸው ኮሚሽኑ የኅብረት ስምምነቶችን ብቻ እየተከተለ በመጓዙ ወለሉ ከመነሻው ዝቅ ብሎ ቀርቶ ነበር፤ ፓርላማው ያስተካከለው ያንን ነው አሉ። የሁለቱም ክርክር ውኃ የሚያነሳ ነው ብዬ አምናለሁ። አሠሪው የአካሄድ መጣስን ተናገረ፤ ሠራተኛው አካሄዱ ያመጣውን ውጤት ተናገረ።

በዚያ ላይ የዋጋ ንረቱ መጣ። በ2022 በጀርመን አማካይ የዋጋ ንረት ወደ 7 በመቶ ደረሰ። ምግብና ኃይል ከዚያም በላይ ተወደደ። ዝቅተኛ ተከፋይ ደግሞ ገንዘቡን የሚያጠፋው በእነዚሁ ላይ ነው።

ኮሚሽኑ በ2023 የተቀመጠው እንዲህ ቆስሎ ነው። የሠራተኛ ማኅበራት ቢያንስ 13.50 ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ግን ከጭማሪው መጠን በፊት የመነሻው ጥያቄ መጣ። ጭማሪው የሚሰላው ከየትኛው ቁጥር ላይ ነው? ሠራተኞቹ ኋላ እንደገለጹት፣ ስሌቱ የተነሳው ኮሚሽኑ ራሱ ከወሰነው ከ10.45 እንጂ በሕግ ከመጣው ከ12 አልነበረም። ከ10.45 ከተነሳ 12 ዩሮ ራሱ ትልቁን ጭማሪ አስቀድሞ የሰጠ ይመስላል። ከ12 ከተነሳ ግን 41 ሳንቲም የዋጋ ንረቱ አጠገብ አይደርስም። አንድ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት ቢሠራ 41 ሳንቲም በወር 71 ዩሮ ያህል ነው፤ እሱም ግብር ሳይነካው።

ሰብሳቢዋ የማስታረቂያ ሐሳብ አቀረበች። አሠሪዎቹ ተቀበሉ፣ ሠራተኞቹ አልተቀበሉም። የእሷ ድምፅ ወሰነ።

ከድምፁ በኋላ

ሕጉ በትክክል ተከብሯል። ውሳኔ ተገኝቷል። ነገር ግን ጉዳዩ አልተዘጋም።

የሥራ ሚኒስትሩ በውጤቱ ደስተኛ አልነበረም። ግን ቁጥሩን መለወጥ አይችልም። ውድቅ ቢያደርገው ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ምንም ጭማሪ አይኖርም። ስለዚህ ተቀበለው። የሠራተኛ ማኅበራት ቅሬታቸውን ይዘው ወደ አደባባይ ወጡ። በ2024 መራሔ መንግሥቱ ራሱ ወለሉ መጀመሪያ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 15 ዩሮ ይድረስ ብሎ በይፋ ተናገረ። በ2025ቱ ምርጫ 15 ዩሮ እንደገና የቅስቀሳ ቁጥር ሆነ።

የአሠሪዎቹን ሁኔታ ልብ በሉ። በ2023 በድምፅ አሸነፉ። ያ ድል ግን በ2022 አጥብቀው የተቃወሙትን የፓርላማ ጣልቃ ገብነት እንደገና ደጃቸው ላይ አመጣው። በጠረጴዛው ላይ የተቆጠበችው ሳንቲም በፖለቲካው በኩል በዩሮ ልትጠየቅ ሆነ።

ምን ተለወጠ

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው በሁለቱ ድምፆች መካከል ነው። በ2025 መጀመሪያ ኮሚሽኑ የራሱን የውስጥ የአሠራር ደንብ አሻሻለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ያወጣው መመሪያ አገሮች የደመወዝ ወለላቸውን ሲመዝኑ እንደ መካከለኛ ደመወዝ ያለ ማመሳከሪያ እንዲመለከቱ ይጠይቃል። መካከለኛ ደመወዝ ማለት ሠራተኞችን ከዝቅተኛ ተከፋይ እስከ ከፍተኛ ተከፋይ ብንደረድራቸው መሐል ላይ የሚቆመው ሰው ደመወዝ ነው። መመሪያው የዚያን 60 በመቶ እንደ ማመሳከሪያ ይጠቅሳል። ኮሚሽኑ ይህን መለኪያ በደንቡ ውስጥ አስገባው። የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች መካከለኛ ደመወዝ 60 በመቶ፣ ከኅብረት ስምምነቶች ዕድገት ጎን ለጎን የሚታይ ሆነ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በ2023 ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት በቁጥሩም በመለኪያውም ላይ ነበር። በ2025 መለኪያውን ቀድመው ጨርሰውታል። ገና ማን እንደሚጠቀም ሳይታወቅ፣ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ሳይወጣ ነው የተስማሙበት። የቀረው ክርክር በምን ፍጥነት እንድረስ የሚለው ነው። ለእሱ ደግሞ ከ2020 የሚታወቅ መንገድ አለ፦ በደረጃ መክፈል።

ሌላው ግፊት ከውጪ የመጣ ነው። በ2025 የተመሠረተው ጥምር መንግሥት በስምምነት ሰነዱ በ2026 15 ዩሮ ሊደረስበት የሚችል ነው ብሎ ጻፈ። አስገዳጅ አልነበረም፤ ለኮሚሽኑ ነፃነት ቦታ ትቷል። ግን ሁሉም መልእክቱን ሰምቷል።

በጁን 2025 ሁለቱ ወገኖች በሰብሳቢዋ የማስታረቂያ ሐሳብ ላይ ተስማሙ። 13.90 ከዚያ 14.60፤ በድምሩ ወደ 14 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ። ሠራተኞቹ 15 ዩሮን አላገኙም። አሠሪዎቹ ለደካማ ኢኮኖሚ ከባድ ነው ያሉትን ጭማሪ ተቀበሉ። በ13.90 በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው ግብር ሳይቀነስ በወር 2,400 ዩሮ ያህል ያገኛል።

የሠራው እና ያልሠራው

የሰብሳቢው አመራረጥ ሠርቷል። በ2023 የተሸነፈው ወገን ውጤቱን አጥብቆ ተቃወመ፤ ጠረጴዛውን ግን ጥሎ አልሄደም። ኋላም የዚያችኑ ሰብሳቢ ሐሳብ ተቀበለ። መንግሥት ብቻውን የሾመው ሰው ቢሆን ኖሮ ይህ ይሆን ነበር ብዬ አላስብም። በደረጃ መክፈሉም ሁለቴ ሠርቷል።

የሁለት ዓመቱ ቀጠሮ ግን አልሠራም። ዋጋ በተረጋጋበት ዘመን ይበቃል። በ2022 እና በ2023 ግን ሠራተኛው ኑሮው እየተወደደበት ቀጠሮውን መጠበቅ ነበረበት። አስቸኳይ ማስተካከያ የሚደረግበት መንገድ በግልጽ ቢኖር ኖሮ ፓርላማው የመግባት ምክንያቱ ያንስ ነበር።

ዝግ ስብሰባውን በተመለከተ ሐሳቤ ሁለት ነው። ሰዎች በዝግ በር ከአቋማቸው ፈቀቅ ማለት ይቀላቸዋል፤ ይህ ገብቶኛል። በሌላ በኩል ውሳኔው በልዩነት ሲያልፍ ደመወዝተኛው ማን ምን ብሎ እንደተከራከረለት የሚያውቀው ከጋዜጣ መግለጫ ብቻ ነው።

ከሁሉም የከበደው ቁጥጥሩ ነው። በጀርመን የደመወዝ ወለሉን መከበር የሚቆጣጠረው የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ ልዩ ክፍል ነው። ጥሰቱ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀት ላይ አይታይም። በሰዓት የሚከፈለው ልክ ነው፤ የተመዘገበው ሰዓት ግን ያንሳል። የሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት በሰዓት ሳይሆን በጸዳው ክፍል ብዛት ትለካለች፤ የተመደቡላትን ክፍሎች ለመጨረስ የምትቆይበት ተጨማሪ ጊዜ አይጻፍላትም። በጀርመን የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን ሥራ የሚጀምሩት በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ነው። ቋንቋ ሳይችሉ፣ መኖሪያ ፈቃዳቸው ከሥራው ጋር ተያይዞባቸው መብታቸውን መጠየቅ ይከብዳቸዋል። ለእነሱ ምክሬ አንድ ነው፤ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ራሳችሁ ጻፉ። የሕንፃ ጽዳት ደግሞ በኅብረት ስምምነት የመጣ የራሱ ከፍ ያለ ወለል አለው፤ በ2025 በሰዓት 14.25 ዩሮ ነበር። ይህን የማያውቁ የጽዳት ሠራተኞች በአጠቃላዩ ወለል ተከፍሏቸው ዝም ሊሉ ይችላሉ።

ለእኛ የደመወዝ ቦርድ ምን ይወሰዳል

እኩል ውክልና አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1928 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 26 አሠሪና ሠራተኛ በእኩል ቁጥርና በእኩል ደረጃ እንዲሳተፉ ጠይቋል። ደንቡን የሚጽፉ ሰዎች ይህን እንደሚያስገቡ እገምታለሁ። ነገር ግን ሦስት ለሦስት ሲሆን የሚወስነው ሌላው ድምፅ ነው። በእኛ ቦርድ ያ ድምፅ በመንግሥት እጅ እንደሚሆን መገመት ይቻላል፣ አዋጁ መንግሥትን በአባልነት አስገብቷልና። መንግሥት ግን በኢትዮጵያ ትልቅ አሠሪም ነው፤ በኢንዱስትሪ ፓርኮች በኩል የውጭ ባለሀብት የሚጋብዝም እሱ ነው። ቢያንስ ሰብሳቢውን ሁለቱ ወገኖች በጋራ እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ ካልተስማሙም ተራና ዕጣ ማስቀመጥ ይቻላል። ወጪ የለውም። አንድ አንቀጽ ብቻ ነው።

መለኪያው ከመጀመሪያው ስብሰባ በፊት ይወሰን። መካከለኛ ደመወዝ ይሁን፣ የምግብና የቤት ኪራይ ወጪ ይሁን፣ የሁለቱ ድብልቅ ይሁን፣ በጽሑፍ ይቀመጥ። ለዚህ በየክልሉና በየዘርፉ የሚሰበሰብ የደመወዝ መረጃ ያስፈልጋል። የሐዋሳ ልብስ ስፌት ፋብሪካና የአዲስ አበባ ባንክ በአንድ መነጽር አይታዩም።

የሁለት ዓመት ቀጠሮ ለእኛ ይረዝማል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲደረግ የገበያ ዋጋ ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። የዋጋ ንረቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ቦርዱ ቀጠሮውን ሳይጠብቅ እንዲሰበሰብ ደንቡ ያስገድድ።

የሚያሳስበኝ ግን ወንበሩ ላይ የማይቀመጠው ሠራተኛ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ያለው የአገራችን ድርጅት ጥቂት ነው። የቤት ሠራተኛዋ ደግሞ ከአዋጁ ሽፋን ውጪ ናት፤ የግል አገልግሎት ቅጥር በሌላ ደንብ እንዲታይ ተትቷል። የሠራተኛ ወንበሮቹን ሁሉ የተደራጀው ብቻ ከያዛቸው የቀን ሠራተኛው፣ የካፌ አስተናጋጇና የግንባታ ሠራተኛው ድምፅ አይኖራቸውም። ከሠራተኛው ድርሻ ቢያንስ አንዱ ወንበር በጽሑፍ ለእነሱ ይመደብ፤ ቦርዱም ከመወሰኑ በፊት እየዞረ እንዲሰማቸው ይገደድ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ቁጥራቸው ከደንቡ ጋር አብሮ ይጨምር፣ የፔሮል ወረቀት ብቻ ሳይሆን የተሠራውን ሰዓት የመፈተሽ ሥልጣንም ይሰጣቸው።